የፎስፌት ማዕድን ስትሰበስቡ እነዚህን አትሳሳቱ

ፎስፌት ማለት ፎስፈረስና ኦክስጅን ተጣምረው ያሉበት ማዕድን ነው። ስትሰበስቡ ከሚሠሩት ስህተቶች ከሁሉ የከፋውን ላስቀድም፤ ወረቀቱን መጣል። ከድንጋዩ ጋር የምትመጣው ያረጀች፣ ጠርዟ የተበላ ቁራጭ ወረቀት ቆሻሻ አይደለችም፣ የድንጋዩ መታወቂያ ናት። የአሜሪካዊውን የማዕድን ሰብሳቢ የክላረንስ ቤመንትን ስብስብ ባለባንኩ ጄ. ፒ. ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1900 ገዝቶ ኒውዮርክ ላለው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሰጥቶታል። አንድ ሰው "ይሄ ከቤመንት እጅ የወጣ ነው" ቢላችሁ፣ ያን የሚያረጋግጥላችሁ ወረቀቱና ድንጋዩ ጀርባ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ቁጥር እንጂ የሻጩ መሐላ አይደለም። ድንጋዩን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ቁጥሯን ካስለቀቃችኋት በቃ፣ ታሪኩ አብሮ ሄደ። ክረምት ላይ ደግሞ የባሕር ዳር እርጥበት ወረቀት ያሻግታል። በደንብ አድርቃችሁ ላስቲክ ውስጥ ክተቱት፣ ከድንጋዩ ግን አትለዩት።

የድሮ ወረቀት ማረምም ያው ጥፋት ነው። "ቦሔሚያ" የሚል ካለ፣ ዛሬ ቼክ ነው ብላችሁ አትሰርዙ። የእናንተን በሌላ ወረቀት ጻፉና ከጎኑ አስቀምጡ። ስትጽፉም አገሩን ብቻ አትጻፉ፣ የማዕድን ማውጫውን ስም ጨምሩ። ፎስፎፊላይት የተባለው ፎስፌት መጀመሪያ የታወቀው ጀርመን፣ ሃገንዶርፍ ነው፤ ሰብሳቢ የሚሻማባቸው ሰማያዊ አረንጓዴ ክሪስታሎች ግን ከቦሊቪያ፣ ከፖቶሲ የወጡት ናቸው። ዋጋቸው አይገናኝም። ቦታውን ሻጩ በአፉ ብቻ ከነገራችሁ "ሻጩ እንዳለው" ብላችሁ ጻፉ፣ ይህችን ቃል አትዝለሏት።

መስኮት ላይ መደርደር ሌላው ነው። ቪቪያናይት፣ ብረት ያለበት ፎስፌት፣ ከመሬት ሲወጣ ቀለም የለውም፣ ወይም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ውስጡ ያለው ብረት ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይለወጥና ድንጋዩ ወደ ሰማያዊ፣ ሲቆይም ወደ ጥቁር ይሄዳል። አንዴ ከጠቆረ አይመለስም። እንግዳ እንዲያየው ብላችሁ ጣና በሚታይበት መስኮት ላይ ካደረጋችሁት ያ ሁሉ የባሕር ዳር ፀሐይ ያርፍበታል። መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ስታወጡትም ተጠንቀቁ፤ ጥንካሬው ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞህስ መለኪያ ከ2 አይበልጥም፣ ጥፍር ይጭረዋል።

በሎሚ፣ በኮምጣጤ ወይም በሌላ አሲድ ማጠብም አለ። ኳርትዝ የሚያጸዳ ሰው የነገራችሁ ዘዴ እዚህ አይሠራም፣ አፓታይትን፣ ዋነኛውን ፎስፌት፣ አሲድ ይበላዋል። ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።

ጣና ዳር በጥቁር ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ነጭ ክሪስታል አይታችሁ "ፎስፌት አገኘሁ" አትበሉ። አካባቢው የእሳተ ገሞራ ባሳልት ነው፤ እንዲህ ባለ ቀዳዳ ውስጥ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ዜኦላይት ወይም ካልሳይት ነው። ያም ያምራል፣ ግን ሌላ ነገር ነው። የኢትዮጵያ አፓታይት የሚፈልግ ወለጋ፣ ቢኪላልን ይጠይቅ።

በዓይን ብቻ መፍረድም ያስበላል። ፓይሮሞርፋይትና ሚሜታይት መንትያ ይመስላሉ። አንዱ ፎስፌት ነው፣ ሌላው አርሴኔት (አርሴኒክ ያለበት)፣ እርስ በርስም ይደባለቃሉ። ውድ ከሆነ ላብራቶሪ ሳይታይ አትክፈሉ። ሁለቱም እርሳስ አለባቸው፣ ነክታችሁ እጅ ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ። ያ ደማቅ አረንጓዴ ቶርበርናይት ደግሞ ዩራኒየም የያዘ ነው። መኝታ ቤት አይገባም፣ አየር ያለበትና ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ፈልጉለት፣ ሳጥኑም ላይ በትልቁ ጻፉበት።