ፌሬትና መረብ፦ ለጥንቸል አደን የሚሆኑትን በቤት ማዘጋጀት

ፌሬት፣ ሽለምጥማጥ መሳዩ ለማዳ እንስሳ፣ ጥንቸል አይይዝም። የሱ ሥራ ጎሬ ውስጥ ገብቶ ጥንቸሏን ማስበርገግ ነው፤ የሚይዛት ቀዳዳው ላይ የተዘረጋው መረብ ነው። ጀማሪ ይህን ይዘነጋና ኃይለኛ፣ የተራበ ፌሬት ይፈልጋል፤ መረቡን ግን ያገኘውን ይገዛል። የሚያዋጣው ተቃራኒው ነው፦ ያልተራበና የተረጋጋ፣ የሰው እጅ የማይሸሽ ፌሬት፣ እና ጥንቸሏ እንደነካችው የሚዘጋ መረብ።

እዚህ ጥንቸል ስንል መሬት ቆፍራ በመንጋ የምትኖረውን የአውሮፓ ጥንቸል ነው። ሜዳ ላይ ሣር ውስጥ የምትተኛው ረጅም እግር ጥንቸል ሌላ ዘር ናት፤ ጎሬ ስለሌላት ፌሬት አይሠራባትም። አደኑ ዛሬም በሰፊው ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ብሪታንያ ስለሆነች፣ ወቅቱም ሕጉም ከዚህ በታች የተጻፈው በዚያው አገር ልክ ነው።

ቤቱና ቀለቡ

ፌሬት ፖልካት ከሚባል የዱር እንስሳ የተላመደ፣ ረጅምና ቀጭን ሥጋ በል ነው፤ መልኩ ሽለምጥማጥን ያስታውሳል። ወንዱ ከ1 እስከ 2 ኪሎ፣ ሴቷ ከ600 ግራም እስከ 1 ኪሎ ትመዝናለች። ለመረብ ሥራ ትንሽ ሴት ትመረጣለች፤ በጠባብ መንገድ በቀላሉ ታልፋለች፣ ከመረቡም ሥር ሳትረብሸው ትወጣለች። ብቻውን የሚኖር ፌሬት ይደብተዋል፣ ስለዚህ ሁለት ሆነው ቢጀመር ይሻላል።

ለሁለት 1.5 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሳንቲሜትር ስፋትና 60 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው የእንጨት ቤት መነሻ ነው፤ መሮጫ ግቢ ቢጨመርበት የበለጠ ጥሩ። የፊቱ ሽቦ ቀዳዳው ከ1.3 ሳንቲሜትር ያልበለጠ፣ መገናኛው የተበየደ ይሁን። የዶሮ ሽቦ አይሆንም፤ ፌሬት ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው አካሉ ይከተላል። በአንዱ ጫፍ ጨለማ የመኝታ ሳጥን ይደረግና በደረቅ ገለባ ይሞላል። የገብስ ገለባ ግን ይቅር፣ ጢሙ ዓይን ይወጋል። ፌሬት ሁልጊዜ ወደ ኋላ አፈግፍጎ አንድ ጥግ ላይ ስለሚጸዳዳ ያንን ጥግ በየቀኑ መጥረግ ቤቱን ግማሽ እንደማጽዳት ነው።

ከብርድ ይልቅ ሙቀት ይገድለዋል። ላብ ስለማያወጣ አየሩ 30 ዲግሪ ሲደርስ አደጋ ላይ ነው፤ ቤቱ የቀትር ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ላይ ይቀመጥ። ዝልፍልፍ ብሎ በአፉ ሲያለከልክ ከተገኘ በለብታ ውኃ ማርጠብና ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። በረዶ ውኃ ውስጥ መንከር ጉዳቱን ያብሳል።

ምግቡ ሥጋ ነው፦ ጥንቸል ከነአጥንቷና ከነፀጉሯ፣ የአንድ ቀን ጫጩት፣ ወይም ለፌሬት ተብሎ የተሠራ ደረቅ መኖ። ምግብ በሆዱ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለ ጊዜ ስለሚያልፍ ቀኑን ሙሉ ማግኘት አለበት። የጥንቱ ዳቦ በወተት ተቅማጥ ከማምጣት በቀር ጥቅም የለውም። ጥሬ ሥጋ የሚያበሉ ሰዎች የመኝታ ሳጥኑን በየቀኑ ይፈትሹ፤ ፌሬት የተረፈውን እየጎተተ ይደብቃል፣ ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ዝንብ ይጥልበታል።

ሁለት የጤና ጉዳዮች በቸልታ አይታለፉም። አንደኛው የውሻ ዲስቴምፐር የሚባለው የቫይረስ በሽታ ነው፤ ፌሬት ከያዘው አይተርፍም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ማስከተብ ነው። ሁለተኛው የሴቷ ነው። ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ፣ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ፣ ብልቷ ያብጥና ወንድ ትፈልጋለች፤ እንቁላሏ ከውስጧ የሚለቀቀው ወንድ ሲያጠቃት ብቻ ስለሆነ ካልተጠቃች ለወራት እዚያው ሁኔታ ላይ ትቆያለች። በደሟ የሚከማቸው ኤስትሮጅን የተባለ የሴት ሆርሞን የአጥንት መቅኒዋን ያዳክማል፣ ደም ማነስ ይመጣል፣ ትሞታለች። መፍትሔው ዘር ማስተላለፊያ ቱቦው ከተቋረጠ ወንድ ጋር ማገናኘት፣ ወይም ሐኪም የሚሰጠው የሆርሞን መርፌ ወይም ከቆዳ ሥር የሚቀበር መድኃኒት ነው። ግልገል ከተፈለገ እርግዝናው 42 ቀን ገደማ ነው።

እጅ ማስለመድ

ግልገሎቹ ዓይናቸውን በ5ኛው ሳምንት አካባቢ ይከፍታሉ፤ በእጅ መያዝ ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ ነው። አያያዙ ከትከሻ ላይ ነው፦ አውራ ጣት ከአገጭ ሥር፣ ሌሎቹ ጣቶች ከፊት እግሮች ኋላ፣ ሌላው እጅ ቂጡን ይደግፋል። ከላይ ድንገት የሚወርድ እጅ ጭልፊት ይመስለዋል፣ ይነክሳል።

ትልቁ ትምህርት ከቀዳዳ መውጣት ነው። ከጎሬው አፍ በደረሰ ቁጥር የሚነጠቅ ፌሬት ሁለት ሦስቴ ከቀመሰ በኋላ ክንድ በማይደርስበት ቆሞ እያየ መልሶ ይገባል፤ ያ ልማድ ከያዘው አይለቀውም። ስለዚህ ቤት ውስጥ በፕላስቲክ ቱቦ ያለማምዱት፤ ሙሉ አካሉ እስኪወጣ ይጠብቁ፣ መዳፍዎን መሬት ላይ ዘርግተው ያንሡት፣ አንድ ቁራሽ ሥጋ ይስጡት፣ መልሰው ያስገቡት። አፉን ማሰር ወይም ጥርሱን መቁረጥ የድሮ ጭካኔ ነው፤ አፉ ታስሮ ከጠፋ ምድር ውስጥ በረሃብ ይሞታል።

መረቡ

ለአንድ ቀዳዳ የሚሆነው መረብ ከረጢት መሰል ነው፦ ሁለት ቀለበት፣ በመካከላቸው የተሠራ መረብ፣ ዙሪያውን የሚዞር መሳቢያ ገመድና አንድ ችካል። 1 ሜትር ለሚሆን መረብ 40 ሜትር ገደማ ሲባጎ፣ 3 ሳንቲሜትር የሆኑ ሁለት ቀለበቶች (ናስ ቢሆን አይዝግም)፣ 3.2 ሜትር ርዝመትና 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የተጎነጎነ ገመድ፣ እንዲሁም 20 ሳንቲሜትር ገደማ የመረብ መርፌ ያዘጋጁ። የዓይኑ፣ ማለትም የመረቡ ክፍተት፣ መለኪያ ስፋቱ 5 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ጠርዙ በአሸዋ ወረቀት የለሰለሰ ስስ ጣውላ ነው። መርፌው ሲባጎ ተጠምጥሞበት መለኪያው ከሚፈጥረው ዓይን ማለፍ አለበት፣ ስለዚህ አያጭቁት።

ሲባጎው ሄምፕ ከሚባል ተክል ጭረት ወይም ከአጭር ጭረት የተፈተለ ናይለን ይሁን። ሄምፕ ከበድ ስለሚል መሬት ላይ ይተኛል፣ ንፋስ አያነሳውም፤ እርጥብ ከተቀመጠ ግን ይበሰብሳል። የሚያብረቀርቅ ናይለን ለእጅ ቢያምርም ቋጠሮው ይንሸራተታል፤ ሌላ ከሌለ እያንዳንዱን ቋጠሮ ሁለቴ መቋጠር ግድ ነው።

አንዱን ቀለበት ግድግዳ ላይ ባለ ምስማር ይስቀሉ። ሲባጎውን ቀለበቱ ላይ አስረው መለኪያውን ከቀለበቱ ሥር ያስጠጉ፤ ሲባጎውን በመለኪያው ፊት አውርደው፣ በጀርባው አዙረው፣ በቀለበቱ አሳልፈው ይቋጥሩ። እንዲህ እያሉ 16 ዓይን ይሥሩ። ከዚያ መለኪያውን አውጥተው ሥራውን ገልብጠው በሁለተኛው ረድፍ ይመለሱ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ቋጠሮ ነው፣ እጅ እስኪለምደው በዝግታ ይሠራል። ሲባጎው በመለኪያው ፊት ወርዶ በጀርባው ይወጣል፤ መርፌው ከላይ በተንጠለጠለው ዓይን ውስጥ ከኋላ ወደ ፊት ያልፋል። የዓይኑ ታች የመለኪያውን የላይ ጠርዝ እስኪነካ ይሳቡና ያንን ነጥብ በግራ አውራ ጣት ጭምቅ አድርገው ይያዙ። አሁን ሲባጎውን ከአውራ ጣቱ በላይ ወደ ግራ ይወርውሩት፤ ሰፊ ቅስት ሠርቶ ይተኛል። መርፌውን ከዓይኑ ሁለት ክሮች ጀርባ ከቀኝ ወደ ግራ አሳልፈው በቅስቱ ውስጥ ያውጡና ጠበቅ አድርገው ይሳቡ። አውራ ጣቱ ቀድሞ ከለቀቀ ቋጠሮው ከዓይኑ ታች ይወርድና በአንድ ክር ላይ ብቻ ይጠብቃል፤ ሲያዩት ቋጠሮ ይመስላል፣ በጥፍር ሲገፉት ግን ይንሸራተታል። እንዲህ ያለውን ወዲያው መፍታት ነው፣ ጥንቸል የምታልፈው በሱ በኩል ነው።

እያንዳንዱ ረድፍ 5 ሳንቲሜትር ስለሚጨምር 20 ረድፍ 1 ሜትር ይሆናል። በየረድፉ መጨረሻ 16 መሆኑን ይቁጠሩ፤ የጠርዙን ዓይን መዝለል የሁሉም ጀማሪ ስሕተት ነው፣ መረቡም ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። የመጨረሻውን ረድፍ ዓይኖች በሙሉ በሁለተኛው ቀለበት ላይ ሰብስበው ይሰሩ። ሲባጎ በመሐል ካለቀ አዲሱን ጠርዝ ላይ ይቀጥሉ፣ መሐል ላይ ያለ ትርፍ ጫፍ ቅርንጫፍ ይይዛል።

መሳቢያው ገመድ ለሁለት ይታጠፋል፤ ማጠፊያው በታችኛው ቀለበት ያልፋል። አንዱ ወገን በግራ ጠርዝ፣ ሌላው በቀኝ ጠርዝ ባሉት ዓይኖች አንዱንም ሳይዘል እየተሽሎከለከ ወጥቶ፣ ሁለቱም ጫፎች በላይኛው ቀለበት ካለፉ በኋላ ችካሉ ላይ ይታሰራሉ። ገመዱ በዓይኖቹም በቀለበቶቹም ውስጥ ያለ ቋጠሮ መሮጥ አለበት። ችካሉ አውራ ጣት የሚያህል፣ 25 ሳንቲሜትር የሆነ ጠንካራ እንጨት ነው፤ ጫፉ ይሾላል፣ አናቱ ሥር ገመድ የሚይዝ ጎድጎድ ይቆረጥለታል።

መፈተኛው ቀላል ነው፦ ችካሉን ተክለው መረቡን ይዘርጉና የታሰረ አሮጌ ጨርቅ መሐሉ ላይ በኃይል ይወርውሩ። ሁለቱ ጠርዞች ተሰብስበው ጨርቁን ካልዋጡት ወይ ገመዱ አንድ ቦታ ተይዟል፣ ወይ መረቡ ጠባብ ሆኖ ከበሮ ቆዳ ይመስል ተወጥሯል። የተወጠረ መረብ ጥንቸሏን መልሶ ወደ ጎሬዋ ያነጥራታል። ቀለሙ ብዙ አያስጨንቅ፤ ሮጣ የምትወጣ ጥንቸል ቀለም አትመርጥም። ደማቅ ቀለም ያለው መረብ ደግሞ ሲመሽ ሣር ውስጥ አይረሳም።

ጎሬው ላይ

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት መጨረሻ ነው፤ ቁጥቋጦው ረግፎ ቀዳዳዎቹ ይታያሉ። ከዚያ በኋላ ጎሬው ውስጥ ግልገል ይኖራል፤ ፌሬቱ እዚያው ገድሎ፣ በልቶ ይተኛል። የመሬቱ ባለቤት ወይም ያዥ ፈቃድ የግድ ነው፣ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ሕግ የባጀርን (ጎሬ ቆፍሮ የሚኖር የዱር እንስሳ ነው) ጎሬ መንካት ይከለክላል፤ የጥንቸል ቀዳዳ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ሲሆን የባጀሩ ከ25 ሳንቲሜትር በላይ ሰፍቶ ወደ ጎን የተለጠጠ፣ ፊቱ የአፈር ክምርና ያረጀ የመኝታ ሣር ያለበት ነው። ካጠራጠረ መተው ነው።

ጠዋት ፌሬቱ ትንሽ ይብላ። ተርቦ የገባ ፌሬት የገደላትን ይበላል፣ ጠግቦ የገባ ይተኛል። አንገቱ ላይ ከምድር ሥር ያለበትን ቦታ የሚጠቁም የሬዲዮ ማሠሪያ ይታሰራል፤ ትንሹ ጣት በሥሩ ማለፍ አለባት፣ ባትሪውም ከመግባቱ በፊት በመቀበያው ይፈተሻል።

ከጎሬው ላይ ድምፅና እርግጫ አያስፈልግም። ጥንቸል ከላይ ሰው እንዳለ ካወቀች ከመውጣት ይልቅ በፌሬቱ መቧጨርን ትመርጣለች። ከዳር ጀምረው መረቦቹን ይዘርጉ፦ የታችኛው ቀለበት ከቀዳዳው የታች ከንፈር ውስጥ፣ መረቡ ዙሪያውን ልል ብሎ፣ ችካሉ ከቀዳዳው በላይ በኩል በኃይል ተተክሎ። ሣርና እሾህ ከገመዱ ሥር ያጽዱ። በሣር የተሸፈነውን፣ ከጎሬው 3 ወይም 4 ሜትር ርቆ ያለውን ትንሽ ቀዳዳ መፈለግ አይታክትዎ፤ ጥንቸሏ የምታውቀው እሱን ነው። አሥር ቀዳዳ ለሚታየው ጎሬ አሥራ አምስት መረብ ይያዙ።

ፌሬቱን ካስገቡ በኋላ ከቀዳዳው ጎን እንጂ ፊት ለፊት አይቁሙ። መሬት ውስጥ ድምድምታ ሲሰማ ጥንቸሏ እየሮጠች ነው። መረቡ እንደተዘጋ መጀመሪያ ቀዳዳውን በእግር ወይም በትርፍ መረብ ይድፈኑ፣ ሌላዋ ተከትላ ልትወጣ ትችላለችና። ከዚያ የኋላ እግሮቿን በአንድ እጅ፣ ጭንቅላቷን በሌላው ይዘው አንገቷን በአንድ ፈጣን ስበት ይስበሩ። ይህን ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ቆሞ መማር ያስፈልጋል፤ በማመንታት ማሠቃየት ነውር ነው።

ፌሬቱ ወጥቶ ጥፍሩ መሐል ነጭና ግራጫ ፀጉር ካለ፣ ጥንቸሏ መውጫ የሌለው ጥግ ላይ ጀርባዋን ሰጥታው ተጣብቃለች ማለት ነው፤ እሱም ቂጧን ሲቧጭር ቆይቷል። መልሰው ያስገቡትና የሬዲዮው ምልክት አንድ ቦታ ሲቆም ይቆፍሩ። የመጨረሻውን 20 ሳንቲሜትር በእጅ እንጂ በአካፋ አይንኩ፣ ከአፈሩ ሥር ያለው ጆሮ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ጉድጓዱ ተደፍኖ ይኬዳል።

ማታ ፌሬቱ ውኃና ምግብ ያገኛል፤ እግሩ ለእሾህ፣ ጆሮው ሥር ለመዥገር፣ ጥርሱ ለስብራት ይታያል። መረቦቹ ይቆጠራሉ፣ ከቅጠልና ከጭቃ ይጸዳሉ። ሲደርቁ የታችኛውን ቀለበት ይዘው እያንዳንዱን ቀጥ አድርገው ያጥፉና ትርፉን ገመድ ችካሉ ላይ ይጠምጥሙ፤ ያልተጠቀለለ መረብ በማግሥቱ በብርድ በደነዘዘ ጣት አይፈታም። ደም የነካውን በቀዝቃዛ ውኃ ያጥቡ፣ ሁሉንም ከመሬት ከፍ አድርገው ምስማር ላይ ይስቀሉ። የጥንቸል ሽታ አይጥ ይጠራል፣ አይጥ ደግሞ አንድ ሌሊት ውስጥ የአንድ ሳምንት ቋጠሮ ይበላል።