ብዙ ቡድኖች የሚሠሩበትን የቴክኖሎጂ ፕሮጀክት በጋራ ደንብ እንዴት መምራት ይቻላል

በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል የሚመላለስ ጭነትን የሚከታተል ሶፍትዌር ሊሠራ ነው እንበል። አንዱ ቡድን ድሬዳዋ ከዚራ ተቀምጦ የመጋዘኑን ክፍል ይሠራል፤ ሁለተኛው አዲስ አበባ ሆኖ የክፍያውን፣ ሦስተኛው ጅቡቲ ሆኖ የወደቡን ክፍል ይዟል። አንድ ቀን «ነገ በሦስት ሰዓት ሲስተሙን እናዘምናለን» የሚል መልእክት በቴሌግራም ይደርሳቸዋል። የድሬዳዋው ባለሙያ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ የጅቡቲው ግን የሚረዳው እኛ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የምንለውን ነው። ሁለቱ ከተሞች ፀሐይ በአንድ ጊዜ የሚወጣላቸው ያህል ቅርብ ሆነው ሳለ ሥራው በስድስት ሰዓት ልዩነት ተላለፈ። ከሁለቱ ያጠፋ የለም፤ የጠፋው ስለ ሰዓት አጠራር አስቀድሞ መደረግ የነበረበት ስምምነት ነው።

አምስት ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ አንዱ ለሌላው ደውሎ ነገሩ በደቂቃ ይስተካከል ነበር። አምስት ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚነጋገሩባቸው ጥንዶች 10 ብቻ ናቸው፤ ሰዎቹ 50 ሲሆኑ ግን ጥንዶቹ 1,225 ይደርሳሉ። ይህን ሁሉ ንግግር ቆሞ የሚያዳምጥ ሥራ አስኪያጅ ሊኖር ስለማይችል፣ ሰዎቹ እሱ በሌለበት አንድ ዓይነት ውሳኔ እንዲወስኑ የሚያስችል የጋራ ደንብ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ደንብ ስል ከላይ የወረደ መመሪያ ማለቴ አይደለም። እድር ያለው ሰው ወይም ሐረር ውስጥ እድርን በሚመስለው በአፎቻ የታቀፈ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ለቀብር ያልተገኘን አባል የሚጠይቀው ጎረቤቱ እንጂ ፖሊስ አይደለም፤ የሚጠይቀውም ሁለቱም ተሰብስበው ባጸደቁት መተዳደሪያ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ያጋጨውን ነገር መሰብሰብ

ደንብ ለማርቀቅ አይቸኩሉ። በቅድሚያ እያንዳንዱን ቡድን ለብቻው ያነጋግሩና «ባለፉት ሦስት ወራት ሠርታችሁ ያፈረሳችሁት ሥራ የቱ ነው? ለምን ፈረሰ?» ብለው ይጠይቁ። መልሶቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ጥቂት ምክንያቶች ደጋግመው ብቅ ይላሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ደንቦች ከእነሱ ይወለዱ። ከውጭ አገር ኩባንያ የተገለበጠ ረጅም ሰነድ የእናንተን ጠብ ስለማያውቅ የሚያነበው አይኖርም።

ሁለተኛው እርምጃ፦ ሰዓት፣ ቀንና ቋንቋ

እነዚህን ሦስቱን የሚቀድም ነገር ያለ አይመስለኝም። ሲስተሙ ውስጥ የሚቀመጠው ሰዓት በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት (UTC) ይሁን፤ ኢትዮጵያም ጅቡቲም ከእሱ በሦስት ሰዓት ይቀድማሉ። ለተጠቃሚው የሚታየው ግን ተጠቃሚው በለመደው አቆጣጠር ቢሆን ይመረጣል። በመልእክት ውስጥ ደግሞ «ሦስት ሰዓት» ብቻ ብሎ መጻፍ ይቅርና «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ይባል። ቀንም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ በሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ቀን ከሚኖረው ዓመት በፊት ባለው ዓመት ግን 12 ይሆናል። ጳጉሜንም ሲጨመርበት እያንዳንዱ ቡድን በራሱ ስሌት ቀን ከቀየረ ስህተቱ የማይቀር ነው፤ ስለዚህ ቀን የሚቀይረው አንድ የታወቀ የፕሮግራም ክፍል ብቻ ይሁን።

ቋንቋን በተመለከተ፣ ድሬዳዋ ውስጥ በአማርኛ የተጀመረ ወሬ በኦሮምኛ ቀጥሎ በሶማሊኛ ሊያልቅ ይችላል። ይህን ለመከልከል መሞከር ጉዳት ነው፤ ሰው በሚቀለው ቋንቋ ሲናገር ችግሩን በግልጽ ያስረዳል። ደንቡ የሚያዘው ሌላ ነገር ይሁን፦ ውሳኔው በዚያው ቀን በተስማሙበት አንድ ቋንቋ ተጽፎ በጋራ መዝገብ ይግባ፤ በቴሌግራም የተባለ ነገርም መዝገቡ ውስጥ እስካልገባ ድረስ እንደ ውሳኔ አይቆጠር።

ሦስተኛው እርምጃ፦ ቡድኖች የሚገናኙበትን ድንበር መወሰን

እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው የድሮው ባቡር ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነው፤ የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ስፋት ደግሞ 1,435 ሚሊሜትር ነው። የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም፤ የነጂው ችሎታ እዚህ ቦታ የለውም። ሶፍትዌርም ላይ እያንዳንዱ ቡድን በራሱ ግቢ እንደፈለገ ይሥራ፤ አንዱ ለሌላው የሚያስረክበው መረጃ ግን ስሙ፣ መለኪያውና ቅርጹ በጋራ የተወሰነ ይሁን። ክብደቱ በኩንታል ነው ወይስ በኪሎግራም? ዋጋው በብር ነው ወይስ በጅቡቲ ፍራንክ?

ይህ ጥቃቅን ነገር የሚመስለው ሰው ካለ የማርስን መንኮራኩር ታሪክ ይመልከት። ናሳ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1998 ወደ ማርስ የላካት መንኮራኩር በሴፕቴምበር 1999 ጠፍታ ቀረች። የመንኮራኩሯ ሞተሮች የሚፈጥሩትን ግፊት የሚያሰላው ሶፍትዌር ውጤቱን በእንግሊዞቹ የፓውንድ መለኪያ ሲያወጣ፣ ጉዞዋን የሚያሰላው ቡድን ቁጥሩን የኒውተን መለኪያ አድርጎ ተቀበለው፤ ስሌቱም ከአራት እጥፍ በላይ ተዛባ። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ግን የሚከተለው ነው፦ በኒውተን ይሁን የሚለው ደንብ በሰነዱ ላይ ተጽፎ ነበር። ደንብ ተጽፎ መቀመጡና ደንብ መከበሩ እንደሚለያዩ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ስለዚህ ድንበር ላይ የሚደረግ ማንኛውም ስምምነት የሚፈተሽበት ቴስትም አብሮት ይጻፍ።

አራተኛው እርምጃ፦ አጻጻፉ

የመጀመሪያው ሰነድ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው። የኢንተርኔትን የአሠራር ስምምነቶች የሚጽፉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1997 «የግድ»፣ «ይመረጣል» እና «ይቻላል» የሚሉት ቃላት በሰነዶቻቸው ውስጥ ምን ያህል እንደሚያስገድዱ ወስነው አስቀምጠዋል፤ ያን ልማድ ይውሰዱት። «የግድ» የሚባሉት ጥቂት ይሁኑ፤ ሁሉ ነገር የግድ ከሆነ ሰው የሚጥሰውን ራሱ ይመርጣል። ከእያንዳንዱ ደንብ ሥር ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ለምሳሌ «ከሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ሰኞ አዲስ ኮድ ወደ ሥራ አይገባም፤ ምክንያቱም ዓርብ በጁምዓ ሰዓት፣ እሑድ ደግሞ በቅዳሴ ሰዓት ብልሽት ቢመጣ የሚደርስ ሰው አይገኝም» የሚል ደንብ ምክንያቱ ስላለው ይከበራል። የኮድ አጻጻፍ ቅርጽን የመሰለውን፣ ማሽን ሊፈትሸው የሚችለውን ሁሉ ለማሽን ይተዉት፤ ሰው በክፍት ቦታና በነጠላ ሰረዝ አይጣላ።

አምስተኛው እርምጃ፦ ደንብ ሲጣስ

ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታ ያከብደዋል። ወጣቷ ፕሮግራመር የአንጋፋውን ኮድ ስትገመግም ስህተቱን አይታ ዝም ልትል ትችላለች፤ ስብሰባ ላይም አለቃው ከተናገረ በኋላ የሚቃወም አይገኝም። ይህን «ደፋር ሁኑ» በማለት ብቻ መፍታት አይቻልም፤ መፍትሔው ራሱ በደንብ ይገባ። በስብሰባ ከሁሉ አስቀድሞ በዕድሜም በሥራ ዘመንም ትንሹ ይናገር፤ ኃላፊው የመጨረሻ ይሁን። ዝምታ እንደ ስምምነት አይቆጠር። የኃላፊው ኮድም እንደ ማንኛውም ሰው ሳይገመገም አይለፍ፤ ኃላፊው አንድ ጊዜ «ለዛሬ ይለፍልኝ» ካለ ደንቡ በዚያው ዕለት ይሞታል።

ብልሽት ሲደርስ «ማን ነው?» ከማለት ይልቅ «ስህተቱ እንዴት ሊያልፍ ቻለ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ በሪፖርቱም ላይ የሰው ስም ሳይሆን የሥራ ድርሻ ይጻፍ። በማርሷ መንኮራኩር ጉዞ ወቅት አንድ ነገር እንዳልተስተካከለ የጠረጠሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ጥርጣሬያቸው ግን በመደበኛው የችግር ማሳወቂያ መንገድ ክትትል አልተደረገበትም። ጥርጣሬውን ይዞ የመጣን ሰው፣ ጥርጣሬው ስህተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ በሁሉ ፊት ማመስገን ይገባል።

ስድስተኛው እርምጃ፦ ደንቡን መለወጥ

እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረውን ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና በብዙ ኩባንያዎች የተቀጠሩ፣ አንድ የጋራ ቀጣሪ የሌላቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይሠሩታል። የሚያገናኛቸው የታወቀ የጊዜ ዑደት ነው፦ ለሁለት ሳምንት ያህል አዲስ ሥራ ይቀበላሉ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ስህተት ለማረም ብቻ ያውላሉ፣ በዘጠኝና በአሥር ሳምንት ገደማም አዲስ ዕትም ያወጣሉ። ያመለጠው ሰው ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሚከፈት ስለሚያውቅ በር አይደበድብም። የእናንተ ደንብም እንዲህ ያለ ዙር ይኑረው፤ በየሦስት ወሩ ይከፈት፣ ማንኛውም አባል ማሻሻያ ያቅርብ፣ በመካከሉ ግን አይነካ። አዲስ ደንብ ሲገባ ያረጀ ደንብ ይውጣ። አዲስ የተቀጠረ ሰው ደግሞ በመጀመሪያ ሳምንቱ ሰነዱን አንብቦ ያልገባውን እንዲጽፍ ይጠየቅ፤ ነባሮቹ ለምደውት የማያዩትን ቀዳዳ የሚያየው እሱ ስለሆነ፣ የጻፈው ዝርዝር ለቀጣዩ ዙር የመጀመሪያ አጀንዳ ሆኖ ይያዝ።