ለላፕቶፓችሁ የቱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሻላል?

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት እንደ ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክኦኤስ ያለ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ ግን ስለ ዊንዶውስና ሊኑክስ አታስቡ። በየቀኑ የምትከፍቷቸውን ፕሮግራሞች ወረቀት ላይ ጻፉ። ፎቶሾፕ ወይም አውቶካድ የግድ ከሆነባችሁ ሊኑክስን ለጊዜው እርሱት፤ ሁለቱም ለሊኑክስ አልተሠሩም። ማክኦኤስ ደግሞ ለአፕል ኮምፒውተሮች ብቻ ስለሆነ ማክ ከሌላችሁ ዝለሉት።

ቀጥሎ ማሽኑን እዩ። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ስቶሬጅና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ይፈልጋል። በ4 ጊጋባይት ግን ይንቀራፈፋል፤ በእኔ እይታ ከ8 በታች ባትሞክሩት ይሻላል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ስለዚህ ላፕቶፓችሁ 11ን አልቀበል ካለ ከመጣላችሁ በፊት ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ሞክሩት፣ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው እትሙ ለቆየ ማሽን ጥሩ ነው።

ደስ የሚለው፣ ሚንትን ላፕቶፑ ላይ ሳትጭኑት መሞከር ትችላላችሁ። ፍላሽ ላይ አዘጋጁትና ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሱት። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ካሜራው ይሠራል? ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱትስ ይነቃል? ይህችኛዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። ከፍላሽ ሲነሳ ትንሽ ዘገም ይላል፣ አትደንግጡ። ከወደዳችሁት ፋይሎቻችሁን በሙሉ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ ከዚያ ጫኑት።