ለኢ-መጽሐፍ ወርሃዊ ክፍያ ከመጀመርዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩና በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ በየወሩ እየከፈልኩ ከአንድ የኢ-መጽሐፍ (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ) አገልግሎት የተዋስኳቸውን መጻሕፍት ርዕስ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ሠላሳ አራት ሆኑ። እስከ መጨረሻው ገጽ ያነበብኳቸውን ለይቼ ሳሰምርባቸው ዘጠኝ ብቻ ተገኙ። ከዘጠኙ ውስጥ አራቱ ደግሞ ደራሲዎቻቸው ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ያለፋቸው፣ ማንም ሰው ሳይከፍል ሊያወርዳቸው የሚችላቸው የጥንት ሥራዎች ነበሩ። የዓመቱ ክፍያዬ ለአምስት መጻሕፍት ዋለ ማለት ነው። አምስቱን በወረቀት ታትመው ብገዛቸው ገንዘብ በተረፈኝ፣ መጻሕፍቱም መደርደሪያዬ ላይ በቀሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ “ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?” ለሚለኝ ሰው ስለ አገልግሎቱ ከመናገሬ በፊት ስለ ንባቡ እጠይቀዋለሁ። አንዱን አንባቢ የሚያከስር አገልግሎት ሌላውን በብዙ እጥፍ ይክሳል። ልዩነቱ ያለው አንባቢው ላይ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን አገልግሎቱን ብቻ ስንመረምር ራሳችንን ሳንመረምር እንከፍላለን። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

በመጻሕፍቱ ብዛት መማረክ

ማስታወቂያው ዘወትር በቁጥር ይጀምራል፤ መቶ ሺዎች፣ ሚሊዮኖች። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል። እርስዎ ማንበብ የሚፈልጉት መጽሐፍ በውስጡ መኖር አለመኖሩን ግን አይነግርዎትም።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ለምሳሌ የአማዞኑ ኪንድል አንሊሚትድ በብዛት የተሞላው ደራሲዎች ራሳቸው ባሳተሟቸው መጻሕፍት ነው። ደራሲው መጽሐፉ እንዲካተት ሲፈልግ የኤሌክትሮኒክ ቅጂውን በሌላ በማንኛውም መደብር ላለመሸጥ ይስማማል፤ ስምምነቱም በየ90 ቀኑ የሚታደስ ነው። ትልልቆቹ አሳታሚዎች በበኩላቸው በሙሉ ዋጋ የሚሸጥላቸውን አዲስ መጽሐፍ በአብዛኛው ለእንዲህ ዓይነት አገልግሎት አይሰጡም። ጋዜጣ ላይ ግምገማውን አንብበው የጓጉለት አዲስ መጽሐፍ ሲፈልጉት የሚታጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል የፍቅር ልብ ወለድ፣ የወንጀል ምርመራ ታሪክ፣ ምናባዊና ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚወድ፣ ባለ ብዙ ክፍል ታሪክ ጀምሮ እስኪጨርስ እንቅልፍ የማይወስደው አንባቢ እዚህ ውስጥ የማያልቅ ሀብት ያገኛል። እንዲህ ዓይነት አንባቢ ከሆኑ የዚህን ጽሑፍ ግማሽ ሊዘሉት ይችላሉ።

ካልሆኑ ግን ወረቀት ያውጡ። በሚቀጥሉት ጥቂት ወራት ሊያነቧቸው የሚፈልጓቸውን የአሥር መጻሕፍት ርዕስ ይጻፉ። የአገልግሎቱን ገጽ ገና ሳይከፍቱ ይጻፉት፤ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ገጹን ካዩ ዓይንዎ የሞላው ሽፋን ሁሉ ወደ ዝርዝርዎ ይገባና “የምፈልገው ሁሉ አለ” ብለው ይደመድማሉ። ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ አሥሩንም አንድ በአንድ ይፈልጉ። ሲፈልጉ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ብዙ መደብሮች የሚሸጡትንና በደንበኝነት የሚያውሱትን አንድ ላይ ስለሚያሳዩ መጽሐፉ መገኘቱ ብቻ አይበቃም፣ በወርሃዊ ክፍያው የሚካተት መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ሊኖረው ይገባል። የሚያነቡበትን ቋንቋም ይመልከቱ። በእንግሊዝኛ በሚሊዮን የሚቆጠር ስብስብ ያለው አገልግሎት በሌላ ቋንቋ ሲፈልጉ ባዶ መደርደሪያ ሊሆን ይችላል።

ከአሥሩ ከአራት በታች ከተገኙ እኔ አልመዘገብም።

ለማንበብ ያሰቡትን እንዳነበቡት መቁጠር

ስንመዘገብ የምናስበው የወደፊቱን ራሳችንን ነው። ያ ሰው በጠዋት ተነስቶ ያነባል፣ ስልኩን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አይነካም፣ በሳምንት አንድ መጽሐፍ ይጨርሳል። ክፍያው የሚቆረጠው ግን ከዛሬው ሰው ሒሳብ ነው።

ስለዚህ ያለፉትን ሦስት ወራት ይቁጠሩ። የጀመሩትን ትተው የጨረሱትን ብቻ ይያዙ። ስሌቱ ከባድ አይደለም። በቀን 20 ገጽ የሚያነብ ሰው በወር 600 ገጽ ያነባል፤ ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ ከሆነ ሁለት ነው። ከሁለት ቀን አንዱን የሚዘል ከሆነ ደግሞ አንድ ብቻ። ይህን ቁጥር ከያዙ በኋላ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፤ ከእነዚህ ውስጥ በራሴ ገንዘብ ልገዛው እችል የነበረው ስንቱ ነው? ስለተገኘ ብቻ የተነበበ መጽሐፍ ያተረፈልዎት ገንዘብ የለም። የወሩን ክፍያ ማነጻጸር ያለብዎት አገልግሎቱ ባይኖር ኖሮ ሊገዟቸው ከነበሩት መጻሕፍት ዋጋ ጋር ነው።

“ያልተገደበ” የሚለውን ቃል እንዳለ መቀበል

የዚህን ቃል ታሪክ ስክሪብድ ከተባለው ድርጅት የተሻለ የሚያስረዳ የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በወር አንድ ጊዜ ከፍለው የፈለጉትን ያህል የሚያነቡበት አገልግሎት ጀመረ። ከአሳታሚዎች ጋር በገባው ስምምነት አንባቢው አንድን መጽሐፍ ከተወሰነ ገጽ በላይ ካነበበ ድርጅቱ ለአሳታሚው ይከፍላል። አንባቢው ግን በወር ሁለት አነበበ ሃያ የሚከፍለው ያው ነው። እንግዲህ መጽሐፍን ከልቡ የሚወድ ደንበኛ በየወሩ ኪሳራ ሆነ።

የተከተለው ያሳዝነኛል። በ2015 ድርጅቱ ከስብስቡ ብዙ የፍቅር ልብ ወለዶችን አወጣ፤ የዘርፉ አንባቢዎች ከሚችለው በላይ ያነቡ ነበርና። በ2016 በወር ሦስት መጽሐፍና አንድ የድምፅ መጽሐፍ የሚል ገደብ መጣ። በ2018 “ያልተገደበ” የሚለው ቃል ተመለሰ፤ አብዝቶ ለሚያነብ ሰው ግን የሚቀርብለት ምርጫ ለጊዜው ሊጠብ እንደሚችል የሚገልጽ ማሳሰቢያ ተከትሎት ነበር። በ2023 የመጻሕፍቱ ክፍል ኤቨራንድ የሚል ስም ተሰጠው፤ ከዚያም በየወሩ በተወሰነ ቁጥር መጻሕፍትን ወደ መክፈት ሥርዓት ተሸጋገረ።

ይህን የማነሳው ድርጅቱን ለመክሰስ አይደለም፤ ሒሳቡ የትም ቢሄዱ ያው ስለሆነ ነው። ቋሚ ክፍያ የሚቀበል አገልግሎት ከፍለው ከማያነቡ ሰዎች ይጠቀማል፣ አብዝተው በሚያነቡ ይጎዳል። ስለዚህ ሲመዘገቡ ገደቡ ምን ላይ እንደሆነ ይጠይቁ። በወር ስንት መጽሐፍ ነው? በአንድ ጊዜ ስንት መያዝ ይቻላል? ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ኪንድል አንሊሚትድ በአንድ ጊዜ 20 መጻሕፍት እንዲይዙ ይፈቅዳል፤ አንዱን መልሰው ሌላ መዋስ ስለሚችሉ ይህ ገደብ የሚጎዳው ሰው ጥቂት ነው። በወር ሦስት የሚል ገደብ ግን ትጉህ አንባቢን ገና በወሩ አጋማሽ ያስቆመዋል።

ዋጋውም ቢሆን የዛሬ ነው። ኪንድል አንሊሚትድ በአሜሪካ በ2014 ሲጀመር በወር 9.99 ዶላር ነበር፤ በ2023 ወደ 11.99 ከፍ አለ።

የተዋሱትን መጽሐፍ የራስ ማድረግ

መጽሐፉ ስልክዎ ላይ ወርዷል፣ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል፣ ኅዳጉ ላይ ማስታወሻ ጽፈውበታል። የእርስዎ ይመስላል። ክፍያው በቆመ ማግስት ግን አይከፈትም። አገልግሎቱ ራሱ ሊዘጋም ይችላል፤ በ2013 ብዙ ተስፋ ተጥሎበት የተጀመረው ኦይስተር በ2015 መዝጊያውን አስታውቆ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ጠፋ።

ኢ-መጽሐፍ መግዛትም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ በአብዛኛው የሚገዙት የማንበብ ፈቃድ ነው። ማይክሮሶፍት በ2019 የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ ደንበኞች የገዟቸው መጻሕፍት ሁሉ መከፈት አቆሙ። ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል፤ ኅዳግ ላይ ማስታወሻ ለጻፉት ደግሞ ተጨማሪ 25 ዶላር ተሰጥቷል። አንድ ሰው ለዓመታት በመጽሐፍ ኅዳግ ላይ የጻፈው ሐሳብ በዚህ ዋጋ ሲተመን ማየት አንባቢ የሆነን ሰው ሁሉ ያማል። ማስታወሻ የሚጽፉ ከሆነ በየጊዜው ወደ ራስዎ ደብተር ወይም ፋይል ይገልብጡት። ደጋግመው የሚመለሱበትን የማጣቀሻ መጽሐፍም በደንበኝነት አይያዙ፤ ይግዙት።

የድምፅ መጽሐፍ ላይ አሠራሩ ሊለይ ይችላል። የድምፅ መጽሐፍ አገልግሎት በሆነው ኦዲብል ላይ በክሬዲት (ከአባልነቱ ጋር በሚሰጥ የመጽሐፍ መውሰጃ ነጥብ) የወሰዱት መጽሐፍ ደንበኝነቱን ቢያቆሙም ይቀርልዎታል፤ ከአባልነቱ ጋር በነፃ እንዲያዳምጡ የቀረበልዎ ስብስብ ግን አብሮ ይዘጋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ቀድመው ይወቁ።

ነፃ ሙከራውን ሥራ በበዛበት ሳምንት መጀመር

ክፍያ ከመጀመሩ በፊት አገልግሎቱን በነፃ የሚሞክሩበት ወር የሚጠቅመው ካነበቡበት ብቻ ነው። በእጅ ያለው መጽሐፍ ሲያልቅ፣ ፋታ ሲገኝ፣ ያ የአሥር መጻሕፍት ዝርዝር ሲዘጋጅ ይጀምሩት። በጀመሩበት ቀን ደግሞ ከማብቂያው ሦስት ቀን አስቀድሞ የሚያስታውስዎ ማንቂያ ስልክዎ ላይ ይሙሉ፤ ክፍያው ራሱን የሚያድስ ነውና።

መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ደንበኝነትን ማቋረጥ አይደለም። ይህን የተማርኩት ተቀጥቼ ነው። አንዱን አገልግሎት አልወደድኩትምና መተግበሪያውን አጥፍቼ ረሳሁት። በአራተኛው ወር የባንክ ሒሳቤን መግለጫ ሳገላብጥ በየወሩ በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ መጠን ሦስት ጊዜ ተቆርጦ አገኘሁ። ማቋረጥ የሚቻለው ከአገልግሎቱ የሒሳብ ገጽ ነው፤ በስልኩ የመተግበሪያ መደብር በኩል ከፍለው ከሆነ ደግሞ ከዚያው ከመደብሩ የደንበኝነት ዝርዝር። ያቋረጡ መሆንዎን የሚያረጋግጥ ኢሜይል ካልደረሰዎት እንዳላቋረጡ ይቁጠሩት።

በነፃ ለሚገኝ መክፈል

በመጀመሪያ የጠቀስኳቸው አራት የጥንት መጻሕፍት እዚህ ይገባሉ። ማይክል ሃርት በ1971 የጀመረው ፕሮጀክት ጉተንበርግ የቅጂ መብታቸው ያበቃ ከ70,000 በላይ መጻሕፍትን በነፃ ያቀርባል፤ ምዝገባ እንኳ አይጠይቅም። ስታንዳርድ ኢቡክስ ደግሞ ከእነዚህ የተወሰኑትን አርሞና አሳምሮ ያወጣል። ብዙ የክፍያ አገልግሎቶች እነዚሁኑ የጥንት ሥራዎች አዲስ ሽፋን አልብሰው በስብስባቸው ውስጥ ይቆጥሯቸዋል።

ሊቢ የተባለው መተግበሪያም አለ። አባል ቤተ መጻሕፍት ባለበት የሚኖርና የቤተ መጻሕፍት ካርድ ያለው ሰው ትልልቅ አሳታሚዎች ያወጧቸውን አዳዲስ መጻሕፍት ሳይቀር ያለ ክፍያ ይዋሳል። ጉድለቱ ወረፋው ነው፤ ሁሉም የሚፈልገው አዲስ መጽሐፍ ሳምንታት ሊያስጠብቅ ይችላል። ትዕግሥት ካለዎት ግን ሌላው ጥያቄ ሁሉ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል።

መሣሪያውን ሳያዩ መክፈል

ስልክና ታብሌት ላይ ችግሩ ጥቂት ነው፤ ሁሉም መተግበሪያ አላቸው። ለንባብ ብቻ የተሠራ መሣሪያ ካለዎት ግን ይጠንቀቁ። ኮቦ የተባለው ድርጅት ወርሃዊ አገልግሎት የሆነው የኮቦ ፕላስ መጻሕፍት የአማዞን የንባብ መሣሪያ በሆነው ኪንድል ላይ አይከፈቱም፤ የኪንድል አንሊሚትድም በኮቦ መሣሪያ ላይ አይከፈቱም።

“የራሴ ካልሆነ አልከፍልም” ብሎ መሸሽ

ይህኛው ስህተት የሚታየው መጽሐፍን በጣም በሚወዱ ሰዎች ላይ ስለሆነ ብዙም አይነሳም። እኔ ከከፈልኩበት ዓመት ያገኘሁት ትልቁ ነገር ሠላሳ ገጽ ላይ ደርሼ “ይህ ለእኔ አይደለም” ብሎ የመዝጋት ነፃነት ነው። በገዛሁት መጽሐፍ ላይ ይህን አላደርገውም፤ የከፈልኩበት ዋጋ እየከነከነኝ እስከ መጨረሻው እጎተታለሁ። ሳልጨርስ የዘጋኋቸው ሃያ አምስት መጻሕፍት ሁሉ ኪሳራ አልነበሩም። አንዳንዶቹ የማልወደውን ዓይነት አሳውቀውኛል፤ ሁለቱ ደግሞ ስማቸውን ሰምቼ ከማላውቃቸው ደራሲዎች ጋር አገናኝተውኛል፣ ሌሎች ሥራዎቻቸውን ኋላ ገዝቻለሁ።

“ደራሲው ይጎዳል” የሚል ሥጋትም ይነሳል። ኪንድል አንሊሚትድ ከሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለደራሲዎች የሚከፍለው በተነበበው ገጽ ልክ ነው፤ ቀድሞ አንባቢው የመጽሐፉን 10 በመቶ ካለፈ ለረጅሙም ለአጭሩም እኩል ይከፈል ነበር። የምትወዱትን ደራሲ መጽሐፍ ተውሶ እስከ ዳር ማንበብ ለእርሱ ገቢ ነው።

ደንበኝነት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ መዝለቅ የለበትም። ሊያነቧቸው የሚፈልጓቸው መጻሕፍት ሲጠራቀሙ ለአንድና ሁለት ወር ተመዝግቦ፣ በርትቶ አንብቦ፣ አቋርጦ መውጣት ይቻላል። የእኔ ደንበኝነት ዛሬ ዝግ ነው። ደብተሬ ላይ ግን የአንዲት ደራሲ ባለ ሰባት ክፍል የወንጀል ምርመራ ታሪክ ተጽፏል፤ ሰባቱም በደንበኝነት እንደሚገኙ አረጋግጫለሁ። የዕረፍት ጊዜዬ ሲደርስ ለአንድ ወር እከፍታለሁ፤ የማቋረጫው ማንቂያም ከወዲሁ ስልኬ ላይ ተሞልቷል።