ትራምፔት ነፊዎች ኖታና ቀረጻ ሲያጋሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ) ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው። እነዚህን ዜማዎች ለትራምፔት አመቻችቶ በኖታ የጻፈ ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ አንድ ሰው ጽፎ በቴሌግራም የለቀቀው ገጽ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልዲያ፣ ከሚሴ ይደርሳል። እዚያ የሚቀበለው ልጅ አጠገቡ አስተማሪ ላይኖረው ይችላል፤ ትራምፔቱን አንሥቶ የተጻፈውን እንዳለ ያምናል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከሙያ ማነስ የመጡ አይደሉም። ላኪው የሚያውቀውን ነገር ተቀባዩም ያውቀዋል ብሎ ስለሚያስብ ሳይጽፈው ያልፋል፤ ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል።

ኖታው ለየትኛው መሣሪያ እንደሆነ አለመግለጽ

በብዛት እጃችን ላይ ያለው ትራምፔት ቢ ፍላት የሚባለው ነው። ነፊው ኖታው ላይ ዶ አይቶ ሲነፋ በፒያኖ ሲ ፍላት የሆነውን ድምፅ ነው የሚያሰማው (ቢ ፍላት የሚባለውም እሱው ነው፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፤ ከተጻፈው አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ለዘፋኝ ወይም ለኪቦርድ የተጻፈ ዜማ ለትራምፔት ሲዘጋጅ አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ተደርጎ መጻፍ አለበት። ይህን ጥቂት የቆየ ነፊ ሁሉ ያውቀዋል፤ ገጹ ላይ የሚጽፈው ግን ጥቂቱ ነው።

አምባሰልን እንውሰድ። በፒያኖ ከዶ ብንነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ለቢ ፍላት ትራምፔት ሲጻፍ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት ይሆናል። ጣቶቹን እንያቸው፦ ከታችኛው መስመር ሥር ያለው ሬ በ1ኛና በ3ኛ ቫልቭ፣ ሚ ፍላት በ2ኛና በ3ኛ፣ ሶል ምንም ሳይጫኑ፣ ላ በ1ኛና በ2ኛ፣ ሲ ፍላት በ1ኛው ብቻ። እንግዲህ ዜማው እየዞረ የሚያርፍበት መነሻ ድምፅ ሬ ላይ ወደቀ ማለት ነው። 1ኛና 3ኛ ቫልቭ አብረው ሲጫኑ የሚወጣው ይህ ሬ ደግሞ ከሚገባው በላይ ከፍ የሚል፣ ከትራምፔት አስቸጋሪ ድምፆች አንዱ ነው። የ3ኛውን ቫልቭ ቱቦ በግራ እጅ ጣት ወደ ውጭ መግፋት ይጠይቃል። ይህን የሚያውቅ ጻፊ ከኖታው ሥር «ሬ ላይ 3ኛውን ቱቦ ያውጡ» ብሎ አንድ መስመር ቢጨምር፣ ተቀባዩ ጆሮዬ ነው የተበላሸው እያለ ከመጨነቅ ይድናል።

ኖታ በምንጽፍበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥም ወጥመድ አለ። ሙዝስኮርም ሆነ ሌሎቹ የኖታ መጻፊያዎች «ኮንሰርት ፒች» የሚባል ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው። ሲበራ የሁሉም መሣሪያ ኖታ በፒያኖ ልክ ይታያል፤ ለሚያቀናብር ሰው ይመቸዋል። ችግሩ ሳያጠፉት ወደ ፒዲኤፍ ሲቀይሩ ነው። ገጹ ላይ «ትራምፔት» የሚል ስም ይወጣል፣ ከሥሩ ያለው ኖታ ግን የፒያኖ ነው። ከመላክዎ በፊት ይህን አንድ ነገር ይመልከቱ።

የፈረንጆቹም ሥራ ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃይድን በ1796 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) የጻፈው የትራምፔት ኮንቸርቶ መጀመሪያውኑ ለኢ ፍላት ትራምፔት ነው። ዛሬ በኢንተርኔት የኢ ፍላቱም የቢ ፍላቱም ገጽ ይገኛል። የመጀመሪያውን አውርዶ በቢ ፍላት ትራምፔት የነፋ ተማሪ ከፒያኖው ሁለት ሙሉ ድምፅና አንድ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ይገኛል። ስለዚህ በገጹ ግራ ራስጌ ላይ መሣሪያውን፣ ቅኝቱን፣ በፒያኖ ከየት እንደሚነሣ መጻፍ ግዴታ ይሁን፦ «ቢ ፍላት ትራምፔት፤ አምባሰል፤ በፒያኖ ከዶ»።

የኮምፒውተሩን ድምፅ አስተማሪ ማድረግ

ፕሮግራሙ የተጻፈውን መልሶ ማጫወቱ ጠቃሚ ነው፤ የተሳሳተ ኖታ በጆሮ ቶሎ ይያዛል። ነገር ግን ብዙ ሰው ያንኑ የኮምፒውተር ድምፅ ኤምፒስሪ አድርጎ «ማዳመጫ» በሚል ስም ከኖታው ጋር ይልከዋል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ፕሮግራሙ ኦክታቭን (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን) በ12 እኩል ክፍል ቆርጦ ነው የሚያጫውተው። ትዝታን በዚህ ልክ ብናሰማ ጉዳቱ ብዙም ላይጎላ ይችላል። አንቺሆዬ ግን በማሲንቆና በዘፋኝ ጉሮሮ ሲመጣ አንዳንድ ድምፆቹ በፒያኖው ሁለት ቁልፎች መካከል ይወድቃሉ። ወረቀት ላይ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ብለን የምንጽፈው ቅርብ ስለሆነ እንጂ ትክክሉ እሱ ስለሆነ አይደለም። ትራምፔት በከንፈርና በቱቦ ድምፁን በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚችል መሣሪያ ነው፤ አንቺሆዬን እንደ ማሲንቆው ማምጣት ይችላል። ከኮምፒውተር የተማረ ልጅ ግን ይህን ጸጋ ሳያውቀው ያድጋል፤ ኋላ ከማሲንቆ ተጫዋች ጋር ሲገናኝም አዝማሪው የሳተ ይመስለዋል።

ምቱም እንዲሁ ነው። አምባሰል ብዙውን ጊዜ ረጋ ብሎ በዘፋኙ ትንፋሽ ልክ የሚሄድ ነው። በአራት አራት ምት ከፋፍለን ስንጽፈው ኮምፒውተሩ ያለ ርኅራኄ እየቆጠረ ያስኬደዋል፤ በማርሽ ባንድ ውስጥ የሰለጠነ ወጣት ደግሞ መስመር ባየ ቁጥር መርገጥ ልማዱ ነው። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ያዳምጡ። የት እንደምትተነፍስ፣ የትኛውን ድምፅ እንደምታቆይ፣ የትኛውን ነካ አድርጋ እንደምታልፍ ልብ ይበሉ፤ የትንፋሽ ምልክቱን እዚያው ላይ ያስቀምጡ፣ የምት መስመሮቹን ደግሞ ይደብቋቸው። ፕሮግራሙ ይህን ይፈቅዳል። ችክችካ የሚባለውን ምት በ6/8 መጻፍ ትክክል ነው፤ ይሁንና በሁለትና በሦስት መካከል የሚወዛወዘውን ክብደት ከበሮ መቺ እንጂ ማሽን አያሳይም።

መድኃኒቱ ከኖታው ጋር የሰው ቀረጻ መላክ ነው፤ የራስዎን ትራምፔት፣ ቢቻል ደግሞ የማሲንቆ ወይም የዘፋኝ። የኮምፒውተሩን ድምፅ የግድ መላክ ካለብዎ በሙዝስኮር የእያንዳንዱን ኖታ ከፍታ ግማሽ ድምፁን ለመቶ ከፍሎ ማስተካከል ይቻላል። አድካሚ ነው፤ ለአንቺሆዬ ግን ይገባዋል።

ከካሴት ሲገለብጡ የካሴቱን ፍጥነት ማመን

በየቤቱ ያለ ካሴት አሁንም ብዙ ዜማ ይዟል። ካሴት ማጫወቻ ሞተሩ ሲደክም ወይም ላስቲኩ ሲላላ ቀስ ይላል፤ ቀስ ሲል ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ፍጥነቱ 6 በመቶ ያህል ከተዛባ ዜማው ግማሽ ድምፅ ተንሸራተተ ማለት ነው። ጻፊው በዚህ ተታልሎ ከማይመች ድምፅ ይነሣና ትራምፔት ነፊውን በሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ማድረጊያ ምልክት) ብዛት ያስጨንቀዋል። ቀረጻው ውስጥ አኮርዲዮን ወይም ኪቦርድ ካለ መነሻውን በእሱ ያረጋግጡ። ማሲንቆና ክራር ብቻ ከሆኑ በዘፋኙ ድምፅ የተቃኙ ናቸውና በፒያኖ ልክ ይገኛሉ ብለው አይጠብቁ፤ ለትራምፔት የሚመቸውን መነሻ መርጠው ምርጫዎን ገጹ ላይ ይግለጹ።

ዜማውን አዘግይቶ ለመስማት ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። በውስጡ ሁለት የተለያዩ ማስተካከያዎች እንዳሉ ግን አይዘንጉ፦ አንዱ ፍጥነቱንና የድምፁን ከፍታ አብሮ ይቀይራል፣ ሌላው ከፍታውን ሳይነካ ያዘገያል። የካሴቱን ስህተት ለማረም የመጀመሪያው፣ ለመለማመጃ ሁለተኛው ነው። ሲቀላቀሉ ነው ጣጣው።

ሥራን በአንድ ዓይነት ፋይል ብቻ ማስቀመጥ

ፒዲኤፍ ብቻ የሚልክ ሰው ተቀባዩ ዜማውን ለሳክስፎን ወይም ለክላሪኔት እንዳያዞረው እጁን ያስረዋል። የፕሮግራሙን ፋይል ብቻ የሚልክ ደግሞ ያ ፕሮግራም የሌለውን ያስቀረዋል። ለብዙ ዓመት የባለሙያዎች መሣሪያ የነበረው ፊናሌ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ሥራው እንደሚቆም በድርጅቱ ተነግሯል፤ በእሱ ብቻ ያስቀመጡ ሁሉ ሥራቸውን ለማውጣት መሯሯጥ ነበረባቸው። ሙዚክኤክስኤምኤል የሚባለውን ፋይል ማንኛውም ዋና የኖታ ፕሮግራም ይከፍተዋል። ፒዲኤፉን ለሚነፋው፣ ሙዚክኤክስኤምኤሉን ለሚያስተካክለው፣ ሁለቱን አብረው ይላኩ።

ሙዝስኮር ራሱ በነፃ የሚገኝ ነው፤ የሚወርደውም ከሙዝስኮር ዶት ኦርግ ነው። ሙዝስኮር ዶት ኮም የኖታ መጋሪያ ገበያ ሲሆን ብዙውን ለማውረድ ክፍያ ይጠይቃል። ሁለቱን ያምታቱና ፕሮግራሙ ገንዘብ ያስከፍላል ብለው የተዉት ወጣቶች ስላሉ፣ አድራሻውን ለይተው ይንገሯቸው።

እዚሁ ላይ መጠባበቂያን ማንሣት አለብኝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲያገኘው መብራትም ስልክም ተቋርጦ ነበር፤ ብዙ ቤትና ተቋም ተዘርፏል። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ያለ ኖታ ከኮምፒውተሩ ጋር ይሄዳል። አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ አንድ በኢንተርኔት፣ አንድ ደግሞ በወረቀት ታትሞ ሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ።

ትራምፔትን በድምፅ መልእክት መቅረጽ

የቴሌግራም የድምፅ መልእክት የተሠራው ለንግግር ነው። የትራምፔቱን ብርሃን የሚሰጡትን ከፍተኛ ድምፆች ይቆርጣል፤ አንዳንዱ ስልክማ ረጅሙን ድምፅ ጫጫታ መስሎት ያዳፍነዋል። በስልኩ መቅጃ ይቅረጹና እንደ ፋይል ይላኩት። ያልተጨመቀው ዋቭ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ የ4 ደቂቃ ዜማ 40 ሜጋባይት ይሆናል ማለት ነው። ኢንተርኔቱ ለሚያስቸግረው ሰው ይህ ከባድ ስለሆነ ዋቭን ለራስዎ አስቀርተው ኤምፒስሪ በ192 ኪሎቢት ይላኩ፤ ያው ዜማ 6 ሜጋባይት ባልሞላ ያልቃል።

ስልኩን ከትራምፔቱ አፍ ፊት ለፊት ማቆም ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። ድምፁ ስልኩን ይሞላውና ይሰነጠቃል፤ አንዴ የተሰነጠቀ ቀረጻ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይጠገንም። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ፣ ከአፉ መስመር ደግሞ ትንሽ ወደ ጎን አድርገው ያስቀምጡት። መጀመሪያ በዜማው ውስጥ ያለውን ትልቁን ድምፅ ነፍተው ይሞክሩ፤ ጠቋሚው ጫፍ ከነካ ይራቁ። ባዶ ግድግዳ ያለው ክፍል ያስተጋባል፤ ጋቢና ብርድ ልብስ መስቀል ብዙ ይረዳል። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ሥር ለመቅረጽ ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ነው፤ ሌላ ዘዴ የለውም።

የደሴ ብርድ ደግሞ ለብቻው ይነሣ። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ብረቱ እጅ ያደነዝዛል። አየር ሲቀዘቅዝ ድምፅ በውስጡ የሚጓዘው ቀስ ብሎ ስለሆነ ትራምፔቱ ዝቅ ብሎ ይቃኛል፤ ኪቦርዱ ግን ባለበት ይቆያል። መሣሪያውን ሳያሞቅ የቀረጸ ሰው የላከውን ቀረጻ፣ ሞቅ ባለችው ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ የሚለማመድ ልጅ አብሮት ሲነፋ አይገጥምለትም። በቂ ጊዜ ይንፉ፣ የፒያኖውን ላ (በቢ ፍላት ትራምፔት ሲ ተብሎ የሚጻፈውን) 440 ሄርትዝ ላይ ይቃኙ፣ ከዚያ ይቅረጹ። ቀረጻውም ከዜማው በፊት በመቃኛ ድምፅ ይጀምር፤ ምት ያለው ዜማ ከሆነ ደግሞ ቆጠራውን ያሰሙ።

ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች

«ኖታ የመጨረሻው 2» የሚል የፋይል ስም ማንንም አይረዳም። የዜማው ስም፣ ቅኝቱ፣ መሣሪያውና ቀኑ በስሙ ላይ ይግቡ። ገጽ በስልክ ሲነሣ ጥላው የቫልቭ ቁጥሮቹን ስለሚውጥ በሰነድ መቃኛ (ስካነር) መተግበሪያ ያንሱት።

ግጥም ከኖታ ሥር ሲገባ እያንዳንዱን ፊደል ለየኖታው ማደል ስህተት ነው። «አምባሰል» አምስት ፊደል ቢኖረውም ሲዘፈን አም፣ ባ፣ ሰል ነው። ነፊው ግጥሙን አይዘፍንም፤ ምላሱን የት እንደሚመታ የሚያውቀው ግን ከዚያ ነው።

የባለመብቱን ድርሻ መርሳት

ቅኝት የማንም ንብረት አይደለም። የታወቀ ደራሲ ዜማና የባለሙያ ቅንብር ግን ባለቤት አላቸው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የድምፅ ቀረጻውም የራሱ መብት አለው፤ ደራሲው ፈቀደ ማለት ካሴቱን ያሳተመው ፈቀደ ማለት አይደለም። በሕይወት ያለ ደራሲ ከሆነ ደውሎ መጠየቅ ነው።

የሕዝብ ዜማ ሲሆን ደግሞ «የሕዝብ» ብሎ ማለፍ በቂ አይደለም። ከየትኛው አዝማሪ ወይም ዘፋኝ፣ በየትኛው ወረዳ፣ በምን ዓመት እንደተሰማ ከገጹ ግርጌ ይጻፍ፤ ስሙ እንዲወጣ መፍቀዱን አስቀድመው ይጠይቁት። ሌላ ወረዳ የሚዘፈነውን የሰማ ነፊ የራሱን አካሄድ ጽፎ ሲልክም የፊተኛውን ሳይሰርዙ ከጎኑ ያስቀምጡት።