ፒያኖው መዝሙሩን ሲውጠው፦ የኳየር ቀረጻ ችግርና መፍትሔ

በቅርቡ ሐዋሳ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ 16 ዘማሪ ያለበት ኳየር ቀረጽን። እዚያው ቆመን ስንሰማቸው እንባችን መጣ። ቤት ገብተን ስንከፍተው ግን ፒያኖ ብቻ ነው የሚሰማው። ሚክሰሩን ብንነካካ ምንም አልፈየደም። ጥፋቱ ማይኮቹ የቆሙበት ቦታ ነበር።

ፒያኖው ግጥሙን ይውጠዋል

አፕራይት (ቀጥ ብሎ የሚቆመው) ፒያኖ ብዙውን ድምፁን የሚያወጣው ከጀርባው ካለው የእንጨት ሰሌዳ ነው። የኛ ፒያኖ ጀርባውን ለማይኮቹ ሰጥቶ ቆሞ ነበር።

ካርዲዮይድ የሚባለው የማይክ ዓይነት ከፊቱ ያለውን አጥርቶ ይሰማል፤ ከጀርባው ያለውን እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ ፒያኖውን ከማይኮቹ ኋላ አድርጉት። የማይኩ ፊት ለዘማሪዎቹ፣ ጀርባው ለፒያኖው ይሁን። ፒያኖውን ሰያፍ አቁሙትና ሰሌዳው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ጣሉበት። ፒያኒስቱ ግን ዘማሪዎቹን ማየት አለበት፤ ካላያቸው አብሯቸው አይተነፍስም።

ለፒያኖው የተለየ ማይክ ካላችሁ መጀመሪያ ዝጉት። በኳየሩ ማይኮች የሚገባው ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካነሰ ብቻ ቀስ እያላችሁ ክፈቱት።

የአንድ ሰው ድምፅ ነጥሎ ይወጣል

ፊት የቆመችው ሶፕራኖ (ቀጭን ድምፅ ዘማሪ) "ስ" ባለች ቁጥር ጆሮ ትወጋለች፤ ኋላ ያሉት ቤዞች (ወፍራም ድምፅ ዘማሪዎች) ግን አይሰሙም። እባካችሁ ልጅቷን "ድምፅሽን ቀንሺ" አትበሏት። ማይኩ ከእሷ 1 ሜትር፣ ከቤዞቹ 3 ሜትር ከራቀ እኩል ሊሰሙ አይችሉም። ስታንዱን ከፊተኛው ረድፍ 2 ሜትር ያህል አርቁት፣ ማይኩን እስከ 2.5 ሜትር ከፍ አድርጉትና ወደ ኋለኛው ረድፍ አነጣጥሩት። የስታንዱን እግሮች ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ ከሻይ እረፍት በኋላ ሰው ገፍቶት ታገኙታላችሁ።

ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የሚመጣ ይመስላል

ማይክ በዝቷል ማለት ነው። ድምፅ 34 ሴንቲ ሜትር ለመጓዝ 1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ያው ድምፅ ሁለት ማይክ ላይ ተቀዳድሞ ደርሶ ሲደባለቅ ይሳሳል። ሁለት ማይክ ብቻ አስቀሩ። በአንድ ስታንድ ላይ በ17 ሴንቲ ሜትር አራርቃችሁ፣ ፊታቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙራችሁ በመሃላቸው 110 ዲግሪ ክፈቱ። ለትንሽ ኳየር እኔ ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም።

አዳራሹ ያስተጋባል፣ ውጪው ይንጫጫል

ማይኮቹን ትንሽ ወደ ዘማሪዎቹ አስጠጉ፣ ባዶው ግድግዳ ላይ ጋቢና ምንጣፍ ስቀሉ። ባጃጁ ሳይበዛ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሩ፤ ድምፃቸውን ሳያሟሙቁ ግን አትቅረጹ። ዝናብ ከጣለ አቁሙ። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ጣሪያው ላይ ካረፈም እስኪነሳ ጠብቁ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲራመድ እርምጃው ሁሉ ቀረጻው ውስጥ ይገባል።