የተጠራቀመው መቶኛ 101 ላይ ሲያርፍ
ቢቸና ለተማሪዎች ባዘጋጀነው መለማመጃ የ60 ገበሬዎች የጤፍ ምርት በሄክታር ተመድቧል፦ ከ5 እስከ 9 ኩንታል ያገኙ 7፣ ከ10 እስከ 14 ደግሞ 19፣ ከ15 እስከ 19 22፣ ከ20 እስከ 24 12 ገበሬዎች። የተጠራቀመው መቶኛ (የእያንዳንዱ ምድብ መቶኛ ከቀደሙት ጋር እየተደመረ የሚሄደው) መጨረሻው 100 መሆን ሲገባው፣ የተጠጋጉት 12፣ 32፣ 37 እና 20 ተደምረው 101 እየሆነ ቀናት ፈጀብን።

ድግግሞሹን (በየምድቡ ያሉትን ገበሬዎች ብዛት) እንደገና ቆጠርን፤ ልክ ነው። በካልኩሌተር አንድ የአስርዮሽ ቦታ ጨመርን፤ 11.7፣ 31.7፣ 36.7 እና 20 ተደምረው 100.1 ሆኑ።

የሠራው ይህ ነው፦ የተጠጋጉ መቶኛዎችን አትደምሩ። መጀመሪያ ድግግሞሹን አጠራቅሙ፦ 7፣ 26፣ 48፣ 60። ከዚያ እያንዳንዱን ለ60 አካፍላችሁ በ100 አባዙ፤ ማጠጋጋቱ የመጨረሻው ሥራ ይሁን፦ 12፣ 43፣ 80፣ 100። በኤክሴል ከሆነ ቀመሩን ወደ ታች ከመጎተታችሁ በፊት የጠቅላላ ድምሩን ሕዋስ አብሮ እንዳይንቀሳቀስ በኤፍ4 ቆልፉት። ግራፍ ስትሥሉ ደግሞ 80 በመቶው የሚቀመጠው በምድቡ መካከል ሳይሆን በላይኛው ወሰን፣ በ19 እና በ20 መካከል ባለው በ19.5 ትይዩ ነው።